የኛ ምን አነሰንና የሰው ያምረናል?

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ኮሪያኛ መለማመድ ጀምራለች። ጠዋት ስትነሣ እናቷን «አንየንግ» ትላለች። ስልኳ በኮሪያ ዘፋኞች ፎቶ ተሞልቷል። ጋሼን ይህ ነገር ከንክኗቸዋል።

«የኛ ምን አነሰንና ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበረ፤ ከቁጣው በላይ ግን ቅር መሰኘት ነበረበት።

ይህን ጥያቄ በየቤቱ እሰማዋለሁ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ውይይትም «መጤ ባህል» እየተባለ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በወቀሳ ተጀምሮ በወቀሳ ያልቃል። ሰው የራሱ ባህል እያለው የሌላው ለምን እንደሚያምረው ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

«መጤ ባህል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባህል ማለት ሰዎች አብረው ሲኖሩ እርስ በርስ የሚማማሩት ነገር ሁሉ ነው። አበላል፣ አለባበስ፣ ሰላምታ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ቀልድ ሳይቀር። በደም አይወረስም። ሕፃን ልጅ ጉርሻ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እያጎረሱት ይማራል።

«መጤ» የምንለው ደግሞ ከሌላ ሕዝብ የመጣውን ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ያላልነው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ «መጤ» የምንለው በቅርብ የመጣውን ብቻ ነው። ቆየት ያለው የኛ ሆኖ ተቆጥሯል።

በርበሬን እንውሰድ። የበርበሬ ተክል መገኛው አሜሪካ አህጉር ነው። ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው እ.ኤ.አ. ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የኖሩት አያቶቻችን ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ወጥ አልቀመሱም። ባህር ዛፍም የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲያጥራት በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ተተከለ። ከባህር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ እንጦጦን ያለ ባህር ዛፍ ማሰብ ይቸግራል።

የሠርጋችን ቬሎስ? ነጭ የሙሽራ ልብስ በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። ቃሉ ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ሙሽራዋ በሠርጉ ዕለት ቬሎ፣ በመልሱ ካባ ትለብሳለች። ኬክ ትቆርሳለች፤ ድፎ ዳቦም ይቆረሳል። «የኛ ምን አነሰሽ?» የሚላት የለም። ጋሼ ያዘዙት ማኪያቶም ያው የዚህ ዘመድ ነው።

ሰው ለምን ይቀዳል?

ምክንያቱም ሰው የሆነው በመቅዳት ነው። ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። ቪክቶሪያ ሆርነርና አንድሩ ዋይተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። ውስጡ ሽልማት ያለበት ሣጥን አዘጋጅተው አከፋፈቱን ለቺምፓንዚዎችና ለትንንሽ ልጆች አሳዩ። አንድ ሰው በቀጭን ዱላ መጀመሪያ የሣጥኑን ላይኛ ቀዳዳ ይወጋል፤ ከዚያ በፊት ለፊቱ በር ሽልማቱን ያወጣል። የላይኛው መውጋት ምንም አይጠቅምም። ሣጥኑ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ሳይታይ ቺምፓንዚዎቹ ሁሉንም ቀዱ። ሣጥኑ በሚያሳይ ነገር ሲሠራ ግን የማይጠቅመውን ትተው በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችስ? የማይጠቅም መሆኑ ፊታቸው እየታየ የላይኛውንም መውጋት ቀዱት።

ቺምፓንዚው የበለጠ ብልህ ይመስላል። እንጀራ መጋገር የምትማር ልጅን ግን አስቡ። እናቷ ከሊጡ ቀንሳ አብሲት ስትጥል ታያለች። ለምን እንደሚጣል አታውቅም። እናቷም ብትጠየቅ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ከማለት ሌላ መልስ ላይኖራት ይችላል። ልጅቷ «ይኸኛው ይቅርብኝ» ብትል እንጀራው ዓይን አያወጣም። የሰው ልጅ እውቀት ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ምክንያቱን ሳናውቅ ሁሉንም እንቀዳለን፤ ምክንያቱ ቆይቶ ይገባናል፣ ወይም ጨርሶ አይገባንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማንን እንቅዳ የሚለው ነው። ጆሴፍ ሄንሪክ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን አብራርቷል። ሰው የሚቀዳው የተከበረውን፣ የተሳካለትን፣ ሌሎች ዓይናቸውን የጣሉበትን ነው። ለስኬት ያበቃው የትኛው ጠባዩ እንደሆነ ግን ለይተን ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ሙሉውን እንቀዳለን። የሰፈር ልጅ የታዋቂ ኳስ ተጫዋች ፀጉር አቆራረጥ ይዞ ፀጉር ቤት የሚገባው ለዚህ ነው። ጎሉን ያገባው ፀጉሩ እንዳልሆነ ልጁም ያውቃል። ቢሆንም ከእግሩ ይልቅ ፀጉሩ ለመቅዳት ይቀላል።

«አራዳ» የሚለው ቃል ምን ያስተምረናል?

የአዲስ አበባ ቋንቋ ይህን ነገር ከተመራማሪዎቹ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። አራዳ መጀመሪያ የቦታ ስም ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቅ ገበያ የሚገኝበት፣ ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ ፒያሳ ያሉት ሰፈር ነው። ገበያውን ወደ መርካቶ የወሰዱትም እነሱ ናቸው።

የውጭ ዕቃ የሚታየው አራዳ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል ያለው እዚያው ነው። የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ፣ ሲኒማ፣ ኬክ ቤት፣ ልብስ ሰፊ እዚያ ነበር። እና የቦታው ስም ቀስ በቀስ የሰው ጠባይ ሆነ። አዲስ ነገር ቶሎ የገባው፣ ነቄ የሆነው «አራዳ» ተባለ። ያልገባው ደግሞ «ፋራ»።

ማንም ሰው ፋራ መባል አይፈልግም። የፀጉር አቆራረጥን፣ የሱሪ ቅድን፣ የቋንቋ ቅልቅልን የሚገፋው አንዱ ትልቅ ጉልበት ይኸ ፍርሃት ነው። የሌላውን ባህል የሚቀዳ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ያለው እሩቅ አገር አይደለም። ጎኑ ያለው ጓደኛው ምን ይለኛል ብሎ ነው የሚጨነቀው።

በተለይ ለወጣት ይህ ከባድ ነው። ሰው ሁለት የሚጣሉ ፍላጎቶች አሉት። ከሰው ጋር መመሳሰል ይፈልጋል፤ ከሰው መለየትም ይፈልጋል። አሥራ አምስት ዓመት ላይ ሁለቱም ይበረታሉ። ኮሪያኛ ለጋሼ የልጅ ልጅ ሁለቱንም ይሰጣታል። ከቤተሰቧ ትለይበታለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ትገጥምበታለች።

ለምን የሩቁ ያምረናል?

የሰው ቤት በእንግድነት ስንሄድ የምናየው ሳሎኑን ነው። ምንጣፉ ተጠርጓል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የራሳችንን ቤት ግን የምናውቀው ከጓዳው ጭምር ነው። ያልታጠበውን ድስት፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ትናንት የተጣላነውን ወንድም እናውቃለን። የሰውን ሳሎን ከራሳችን ጓዳ ጋር ስናወዳድር ምን ጊዜም የምንሸነፈው እኛ ነን።

ባህልም እንዲሁ ነው። የሌላው ባህል የሚደርሰን በፊልም፣ በዘፈን፣ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ኪራዩ፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ፣ የሌሊት ፈረቃው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የራሳችንን ባህል ደግሞ ከነግዴታው ነው የምንኖረው። ለቅሶ መድረስ፣ ዕቁብ መጣል፣ «ምን ይሉናል» ማለት ሁሉ አብሮ አለ። የሌላውን ስንቀዳ ደስ ያለንን መርጠን እንወስዳለን። በኮሪያኛ ዘፈን የምትጨፍር ልጅ ለኮሪያ አማት አትታዘዝም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ግማሹን ያስረዳል። የቀረው ግማሽ ሸክም ነው። በእጅ የያዙት ይከብዳል፤ በዓይን ያዩት ግን አይከብድም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ግን አንድ ቀን የጋሼን የልጅ ልጅ «ከኮሪያ ፊልም ምኑን ነው የወደድሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ልብሱን ወይም ልጆቹን ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንድ ላይ ይበላሉ» አለችኝ። «ሁልጊዜ። እናትየዋ ሥጋውን እያነሣች ልጇ ሳህን ላይ ታደርግለታለች።»

እናቷ የምትሠራው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ታክሲ ሰልፍ ጠብቃ ቤት ስትገባ ይመሻል። ልጅቷ እራቷን የምትበላው ብቻዋን ነው፣ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ። ያማራት ጉርሻ ነው። ያገኘችው ግን በኮሪያኛ ነው።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ «የኛ ምን አነሰን?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ወቀሳ መስማት ትቻለሁ። እንደ እውነተኛ ጥያቄ እሰማዋለሁ። ሰው የሌላ ባህል ሲናፍቅ ብዙ ጊዜ በቤቱ ያጣውን አንድ ነገር እየጠቆመ ነው። መከበርን፣ ነፃነትን፣ ሥራን፣ አብሮ መብላትን።

ታዲያ ለምን የአንዳንዱ አገር ብቻ ያምረናል?

የጎረቤቶቻችን የኬንያ ወይም የሱዳን ባህል በቅርብ እያለ የኮሪያና የአሜሪካ የሚመኘው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ገንዘብና ኃይል ይገባሉ። ቱኒስ የተወለደው ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኻልዱን ይህን በ14ኛው መቶ ዘመን አስተውሎታል። የተሸነፈ ሕዝብ የአሸናፊውን ልብስና ልማድ ይቀዳል ብሏል። ምክንያቱም ያሸነፈኝ ቢበልጠኝ ነው፣ የበለጠኝም በልማዱ ነው ብሎ ያምናል።

ዛሬ ማሸነፊያው ስክሪን ነው። ኮሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን እዚያ ሲዋጉ አገሪቱ በጦርነት የወደመች ደሃ ነበረች። መታሰቢያቸው እዚሁ አፍንጮ በር አለ። ያን ጊዜ የኮሪያን አኗኗር እመኛለሁ የሚል አዲስ አበቤ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። ኮሪያ በኋላ በፋብሪካ በለጸገች። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ መንግሥቷ ፊልምና ሙዚቃን እንደ ኤክስፖርት ዕቃ ደገፈ። እኛም ጋ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር ትልቅ ክርክር ተነሣ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች እንጀራችን ተነካ አሉ። ተመልካቹ ግን የቱርክ ቤተሰብ በአማርኛ ሲጨቃጨቅ ማየት ወደደ። ምኞት በራሱ አይበቅልም። የሚዘራው አለ፣ የሚያጠጣውም አለ።

ይህ የዘንድሮ ልጆች ነገር ነው?

አይደለም። የአያቶቻችንን ዘመን የሚያህል ምሳሌ የለም። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አሸንፋለች። በኢብን ኻልዱን አባባል አሸናፊ ማንንም መቅዳት የለበትም። ሆኖም የተማሩት ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ተመኙ።

ምክንያት ነበራቸው። ጃፓን ነጭ አይደለችም። ቅኝ አልተገዛችም። ንጉሠ ነገሥት አላት። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ሩሲያን የሚያህል የአውሮፓ ኃይል አሸነፈች። ልክ እኛን ትመስላለች፤ ልዩነቱ እሷ ፋብሪካና ትምህርት ቤት አላት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነው። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ጃፓን ሄዱ፤ ያዩትንም በአድናቆት ጻፉ።

ግን የተቀዳው ከላይ የሚታየው ነው። ሕገ መንግሥቱ በወረቀት መጣ። ከጃፓን ወረቀት ጀርባ የነበረው ሰፊ ትምህርት፣ ግብር አሰባሰብ፣ ኢንዱስትሪ አብሮ አልመጣም። ጊዜም አልተገኘም፤ ጣልያን ወረረን። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጃፓን ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን አወቀችላት። ሳሎኗን ያደነቅንላት አገር ጓዳዋ ሌላ ነበር።

የ1960 ዓ.ም. ነገርም መነሣት አለበት። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪዎች «የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃወሙ፣ ግጭት ተነሣ፣ ፖሊስ ገባ። አጭሩ ቀሚስ መጤ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የተነሡበት የማርክስ አስተሳሰብም ከአውሮፓ የመጣ ነው። ሁለቱም ወገን ግን በቅንነት አገሩን የሚያሻሽልለትን ነገር እየፈለገ ነበር። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ።

ሲቀዱ የራስ ይጠፋል?

ሊጠፋ ይችላል። ሊወለድም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ። የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ነበሩ። «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር። የማርሽ ባንድ ከእነሱ ወዲህ በአገራችን ሥር ሰደደ። በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደጉ ዘፋኞች በትራምፔትና በሳክስፎን ትዝታን ዘፈኑ። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ቦስተን ወዳለው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዶ ጃዝ ተማረ። ጃዙን እንዳለ አላመጣውም። በቅኝታችን፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ አሸው። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የውጭ ሙዚቀኞች ያንን ድምፅ ለመቅዳት ይለማመዳሉ።

ማኪያቶውም እንዲሁ ነው። ቡናው ከኛ ሄደ፣ ማሽኑ ከጣልያን መጣ፣ አራት ኪሎ ላይ ማኪያቶ የራሱ ወግ አበጀ። መኪና፣ ጎማ፣ ካልሲ፣ ቻው፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አማርኛ ዋጣቸው፣ አልዋጡትም።

መቼ ነው ሊያሳስበን የሚገባው?

እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ በእፍረት። አዲስ ነገር መጨመር አንድ ነው። የነበረውን እያፈሩበት በሌላ መተካት ሌላ ነው። አንዲት እናት «ልጄ አማርኛ አይችልም» ስትለኝ ፊቷ ላይ ኩራት አይቻለሁ። ያ ልጅ እንግሊዝኛ ማወቁ ጥሩ ነው። ግን ከአያቱ ጋር የሚያወራበት አፍ የለውም። አያቱ የምታውቀው ተረት እሷው ጋ ይቀራል። ቆዳ የሚያነጣ ቅባት የምትቀባ ልጅም እንዲሁ፤ ጤናዋን የምትጎዳው ፊቷ ስላነሳት አይደለም፣ አንሷል ስላሏት ነው።

የጋሼ የልጅ ልጅ እዚህ ውስጥ የለችበትም። ኮሪያኛ እየለመደች ለአያቷ ቡና ታፈላለች። ቄጠማው ላይ ተቀምጣ «ካምሳሃምኒዳ» ትላለች። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

እኛንስ የሚመኝ አለ?

አለ። በ1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ሲነግሡ ወሬው ጃማይካ ደረሰ። የባሪያ ልጅ ናችሁ እየተባሉ ያደጉ ድሆች ጥቁር ንጉሥ፣ ያልተገዛ አገር መኖሩን ሰሙ። ስማችንን፣ የባንዲራችንን ቀለም፣ የይሁዳ አንበሳን ወሰዱ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲያርፉ የተሰበሰበው ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። እነሱ የተመኙት ኢትዮጵያ ሳሎኗ ብቻ የሚታይ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ዘመን እኛ አጭር ቀሚስና አፍሮ ፀጉር ያምረን ነበር።

አንዳንዶቹ በምኞት አልቀሩም፤ ሻሸመኔ መጥተው ጓዳውን አዩት። ቤት ሠሩ፣ ልጅ ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት መሬት ሲወርስ የነሱም ተወረሰ። ለብዙ ዓመታት መታወቂያ እንኳ አልነበራቸውም። መንግሥት እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከፊሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። ከፊሎቹ ግን እዚያው አሉ፤ ልጆቻቸውም አማርኛ ይናገራሉ።